የተገራውና ያልተገራው

ፖሊኖሚያል አውቶሞርፊዝም አንድን ስፍራ ወደ ራሱ የሚያዛውር፣ ሄዶም የሚመለስ ለውጥ ነው። መሄጃው በመደመር፣ በመቀነስና በማባዛት ብቻ ይጻፋል፤ በተለዋዋጭ ማካፈል ወይም ሥር ማውጣት አይገባበትም። ሁለት የተለያዩ ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ አያርፉም፤ ማንም ሳይደርስበት የሚቀር ቦታም የለም። መመለሻውም እንደ መሄጃው በእነዚያው ስሌቶች ብቻ የተሠራ ነው። ስፍራው ኮምፕሌክስ አፋይን ስፔስ ይባላል። እያንዳንዱ ነጥብ በሁለት፣ በሦስት ወይም ከዚያ በበለጡ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ይታወቃል፤ ከሌሎቹ የሚበልጥ መነሻ ነጥብ ግን የለም።

አንድ ቁጥር ብቻ ሲኖር ጉዳዩ ወዲያው ያልቃል። ቁጥርን በራሱ ማባዛት መመለሻ የለውም፤ 3ም ሆነ −3 ወደ 9 ይሄዳሉ፣ 9 ደግሞ ከየትኛው እንደመጣ አያስታውስም። የሚመለሱት በቋሚ ቁጥር ማባዛትና ቋሚ ቁጥር መደመር ብቻ ናቸው። ሁለተኛ ቁጥር ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። (ሀ፣ ለ) የነበረውን ነጥብ ወደ (ሀ + ለ²፣ ለ) የሚወስደውን ለውጥ መመልከት ይቻላል። (3፣ 2) ወደ (7፣ 2) ይሄዳል። እዚህም ቁጥር በራሱ ተባዝቷል፣ የጠፋ ነገር ግን የለም፤ ምክንያቱም ለ ራሱ ሳይነካ በቦታው ቀርቷል። መመለስ የፈለገ 2ን አይቶ 4ን ከ7 ይቀንሳል። በመሶብ ላይ የተደራረበ እንጀራ በጎን ሲገፋ እንደዚሁ ነው፦ እያንዳንዱ እንጀራ እንደ ከፍታው መጠን ይንሸራተታል፣ አንዱም አይቀደድም፣ አንዱም አይለጠጥም፣ የክምሩ ይዘት ያው ነው፣ ተገፍቶ የሄደውም ተገፍቶ ይመለሳል። ይህን ዓይነቱን ለውጥ ማንሸራተት እንበለው። ማንሸራተቶችን ከቀጥተኛ ለውጦች ጋር አከታትሎ በመሥራት የሚገኘው ሁሉ ደግሞ የተገራ አውቶሞርፊዝም ይባላል።

መመለስ መቻል ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል? መልሱ ከአንድ የታወቀ ቦታ ሊጀመር ይችላል። ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚያ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በአጠገቡ ቂሊንጦ ላይ በ2011 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህን አካባቢ የሚያሳየው የቆየው የ1:50,000 ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መሠረት ላይ ነው። የሳተላይት መሣሪያ የሚያነበው ደግሞ በሌላ መሠረት ነው። የሁለቱ መሠረቶች ማዕከሎች በኢትዮጵያ ልኬት በሦስቱ አቅጣጫዎች 165፣ 11 እና 206 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ሲጠቃለል 264 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የአንድ ቦታ ጥግ ከአንዱ ካርታ ተነቦ በሌላው ላይ እንዳለ ሲሰፍር በቦታው አያርፍም።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ማዛወር ከአውቶሞርፊዝሞች ሁሉ የመጀመሪያውና የዋሁ ነው። ወረቀት ግን ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ሲታጠፍ ኖሮም ይለጠጣል። ካርታውን ከሳተላይት ምስል ጋር የሚያስማማው ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ 6፣ በድምሩ 12 ቋሚ ቁጥሮች አሉት፤ እነሱን ለማግኘት በሁለቱም ላይ የሚታዩ ቢያንስ 6 ነጥቦች ያስፈልጋሉ። የፍጥነት መንገዱ ለዚህ አያገለግልም፤ በአሮጌው ካርታ ላይ አልነበረምና። የሚጠቅሙት በአቃቂ በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ፣ የወንዝ መገናኛዎች፣ የኮረብታ ጫፎች ናቸው። ከተማ የቱንም ያህል ቢለወጥ ካርታዎቹ የሚገናኙት ባልተለወጠው ላይ ነው።

ስሌቱ ይሠራል፤ ነጥቦቹ በጥቂት ሜትሮች ስህተት ቦታቸውን ይይዛሉ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይታወቅ ጠፍቷል። ከሳተላይቱ ወደ ወረቀቱ ለመመለስ ሌላ 12 ቁጥር እንደገና ይሰላል፤ ሄዶ የተመለሰው ነጥብም ከተነሳበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። ሁለት ሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያሎች አንድ ላይ ሲሠሩ እንደ ልማዱ አንድን መድረሻ ከአራት መነሻዎች ያገኙታል። ባለሙያው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ወይ ከካርታው ጠርዝ እጅግ ርቀው ይወድቃሉ፣ ወይ ደግሞ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሆነው ከመሬት ላይ አይታዩም። በጉዳዩ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች የሚገቡትም ለዚህ ነው፤ በእነሱ ስፍራ የሚደበቅ መነሻ የለም። ነጥቦቹ በጥሩ ሁኔታ ተቀራርበዋል፤ መመለስ መቻል ግን አልተቀራረበም። የአውቶሞርፊዝም ማቀራረብ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ጉድለት ነው፦ የሚመለስን ለውጥ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸው በሚመለሱ ቀላል ለውጦች ብቻ፣ የተፈለገውን ያህል መጠጋት ይቻላል ወይ?

ከመጠጋት በፊት አንድ ምልክት አለ። ለውጡ በየነጥቡ ዙሪያ ይዘትን ምን ያህል እንደሚያበዛ ወይም እንደሚያሳንስ የሚናገረው ቁጥር የያኮቢያን ዲተርሚናንት ነው። ይህ ቁጥር ዜሮ በሆነበት ቦታ ለውጡ ስፍራውን ያጥፈዋል ወይም ያደቀዋል፤ ስለዚህ በአውቶሞርፊዝም የትም ዜሮ መሆን አይችልም። በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ግን ቋሚ ያልሆነ ፖሊኖሚያል ሁሉ የሆነ ቦታ ዜሮ ይሆናል። ከዚህ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይከተላል፦ ዲተርሚናንቱ ቋሚ ነው። ፖሊኖሚያል አውቶሞርፊዝም ስፍራውን ምንም ያህል ቢያጣምም፣ እዚህ ጥቂት ጨምሮ እዚያ ጥቂት መቀነስ አይችልም፤ ለሁሉም እኩል ነው። ይህ ማለት ግን ቅርጽን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ስፋቱ የተጠበቀለት አራት ማዕዘን ቦታ ሰው የማይኖርበት ቀጭን ክር ሊሆን ይችላል። የስፋት ፍትሕና የቅርጽ ፍትሕ ለየቅል ናቸው።

ተቃራኒውን በ1939 የጠየቁት ጀርመናዊው ኦት ሃይንሪሽ ኬለር ናቸው፦ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ያልሆነ ቋሚ ከሆነ ለውጡ የግድ ይመለሳል ወይ? ጥያቄው ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል፤ ስቲቭ ስሜል በ1998 ለመጪው ክፍለ ዘመን ካዘጋጇቸው ጥያቄዎች መካከልም አንዱ ሆኗል። ብዙ ማረጋገጫ ተብሎ ቀርቦለት ብዙው ወድቋል። የትም አለመታጠፍ የአካባቢ ምስክርነት ነው፤ መመለስ መቻል ግን ስለ ጠቅላላው ስፍራ የሚነገር ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

በሁለት ቁጥሮች ስፍራ ውስጥ የአውቶሞርፊዝሞች ዓለም ሥርዓት አለው። ሃይንሪሽ ዩንግ በ1942፣ ቫን ደር ኩልክ በ1953 ባገኙት ውጤት መሠረት እዚያ ያለው አውቶሞርፊዝም ሁሉ የተገራ ነው፤ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ ወደ ማንሸራተቶችና ቀጥተኛ ለውጦች ይፈታል። በሦስት ቁጥሮች እንዲህ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ አልተገኘም ነበር። በ1972 ማሳዮሺ ናጋታ አንድ እጩ አቀረቡ። (ሀ፣ ለ፣ መ) ነጥቡ ይሁን፤ ተ ደግሞ የሀ·መ + ለ² ውጤት። አዲሱ ሀ፣ ሀ − 2·ለ·ተ − መ·ተ² ነው፤ አዲሱ ለ፣ ለ + መ·ተ ነው፤ መ አይነካም። ተን ከአዲሶቹ ቁጥሮች እንደገና ያሰላ ሰው ያንኑ ተ ያገኛል፤ ተባዝቶ፣ ተቀንሶ፣ ተጣፍቶ ያው ሆኖ ይወጣል። መመለሻውም በተ ፋንታ −ተን መጻፍ ብቻ ነው። ናጋታ ይህ ለውጥ ያልተገራ ነው ብለው ገመቱ። ግምቱን ኢቫን ሼስታኮቭና ኡአልባይ ኡሚርባዬቭ በ2004 ባሳተሙት ሥራ አረጋገጡት፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ተፈልጎ አልተገኘም ማለት እና የለም ማለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ያንን ልዩነት ለመሻገር የወሰደው ጊዜ ይህ ነው።

እንግዲህ ያልተገራ መኖሩ ከታወቀ፣ የተገሩት ወደ እሱ ምን ያህል ይቀርባሉ? መልሱ ቅርበት ምን ማለት እንደሆነ ከመወሰን በፊት አይገኝም።

አንደኛው ቅርበት በአንድ ነጥብ ዙሪያ የሚለካ ነው። ሁለት ለውጦች እስከ አሥረኛ፣ እስከ መቶኛ፣ እስከ ተፈለገው ዲግሪ ድረስ አንድ ዓይነት ቁጥሮች ካሏቸው ቅርብ ናቸው ይባላል። ዴቪድ አኒክ በ1983 ያሳዩት፣ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ያልሆነ ቋሚ የሆነ ፖሊኖሚያል ለውጥ ሁሉ በዚህ መለኪያ በተገሩ አውቶሞርፊዝሞች እንደሚቀረብ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ውጤቱ ለውጡ የሚመለስ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። የኬለርን ግምት የሚያፈርስ ምሳሌ ቢኖር፣ እሱም ሳይቀር በቅን፣ በሚመለሱ፣ በተገሩ ለውጦች እስከ ወደዱት ዲግሪ ድረስ ይከተላል ማለት ነው። ሚሊዮን ዲግሪ ድረስ ከሚመለስ ለውጥ ጋር መስማማት የመመለስ ማስረጃ አይሆንም። በምሳሌ ብዛት እርግጠኛ መሆን ለለመደ አእምሮ ይህ ጠንካራ ትምህርት ነው፤ ቅርበቱ ያለ ገደብ ሆኖ ሳለ ስለሚፈለገው ጠባይ አንዲት ቃል አይናገርም።

ሁለተኛው ቅርበት ስፋት ያለው ነው። ወሰን ያለው አንድ ክልል ይመረጥ፣ የስህተት ጣሪያም ይመረጥ፤ በክልሉ ውስጥ ባለ በየትኛውም ነጥብ ላይ የሁለቱ ለውጦች ልዩነት ከጣሪያው በታች ይሁን። የካርታ ባለሙያው የሚጠይቀውም በመሠረቱ ይህንን ነው፦ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አቃቂ ባለው ሉህ ውስጥ ከዚህ ሜትር አይበልጥ ይላል፣ ከሉህ ውጭ ስላለው ግድ የለውም። ኤሪክ አንደርሴን በ1990 ይዘትን የሚጠብቁ ለውጦች ሁሉ፣ ከፖሊኖሚያል ውጭ ያሉትም ጭምር፣ በማንሸራተቶች ቅንብር እንደሚቀረቡ አሳዩ። በ1992 ከላስሎ ሌምፐርት ጋር ሆነው ይዘትን ወደማይጠብቁት አሰፉት። የናጋታ ለውጥም በዚህ ሥር ይወድቃል፤ ያልተገራ ሆኖ ሳለ በማንኛውም ወሰን ባለው ክልል ላይ ከተገሩት አይለይም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ማየት ይጠቅማል፤ ከውጤቱ የበለጠ የሚያስተምረው አካሄዱ ነውና። መጀመሪያ ለውጡ ወደ ጉዞ ይቀየራል። መነሻ ነጥቡን የማያነቃንቅና በዙሪያውም ምንም እንዳልሆነ የሚመስል ለውጥ ሲሰጥ፣ ነጥቡ በትንሽ ቁጥር ተባዝቶ ይገባል፣ ውጤቱ በዚያው ቁጥር ተካፍሎ ይወጣል። በ(ሀ + ለ²፣ ለ) ላይ ይህ ሲደረግ የሚገኘው (ሀ + ጊዜ·ለ²፣ ለ) ነው። ጊዜ ዜሮ ሲሆን ምንም አልሆነም፣ 1 ሲሆን ለውጡ ተፈጽሟል፤ በመካከል ያለው ሁሉ የሚመለስ ነው። እንግዲህ ለውጡ በየቅጽበቱ ፍጥነት ያለው ፍሰት ሆነ።

ከዚያ ፍሰቱ ይበተናል። ቁልፉ በጣም አሮጌ የሆነ አልጀብራ ነው፦ ሀ·ለ ከ(ሀ + ለ)² ላይ (ሀ − ለ)² ተቀንሶ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የተቀላቀለ ብዜት ሁሉ እንዲሁ በየአንዳንዱ አቅጣጫ ብቻ ወደሚያዩ ኃይሎች ድምር ይፈታል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ ፍሰት ደግሞ ማንሸራተት ነው። የቀረው መራመድ ነው፤ ለቅጽበት በአንዱ አቅጣጫ፣ ለቅጽበት በሌላው፣ ደግሞ በመጀመሪያው። እርምጃው ባነሰ ቁጥር መንገዱ ወደ እውነተኛው ፍሰት ይጠጋል። ልብ መባል ያለበት እያንዳንዱ እርምጃ፣ ትክክል ያልሆነውም ጭምር፣ ሙሉ በሙሉ የሚመለስና ይዘትን የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ስህተት አለ፣ የስህተቱ ዓይነት ግን ተመርጧል። የፕላኔቶችንና የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሰዎች የሚወዱት ስልትም ይኸው ነው፦ ቦታን ከፍጥነት፣ ፍጥነትን ከቦታ እያፈራረቁ ማንሸራተት። በየእርምጃው ይበልጥ ትክክል የሆኑ ሌሎች ስልቶች በረጅም ጉዞ ኃይልን ቀስ በቀስ ሲያፈሱ፣ ይህኛው ለረጅም ጊዜ ሳያፈስ ይቆያል። የቁጥር ትክክለኛነት ብቻውን የሚለካ ሰው የትኛው እንደሚሻል አይገባውም።

ሂደቱ ዋጋ ያስከፍላል። እርምጃ በበዛ ቁጥር የቅንብሩ ዲግሪ ያብጣል፤ ቀላሎቹን በመደርደር የተገኘው ተተኪ ከተተካው እጅግ የተወሳሰበ ይሆናል። የናጋታ ለውጥ አምስተኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ለእሱ የሚቀርቡት የተገሩ ለውጦች ግን በጽሑፍ ቢቀመጡ የሚያነባቸው አይኖርም።

የመድረሻው ነገርስ? የሚመለሱ ለውጦች ተራ የሚጠጋበት ሊሚት ራሱ የሚመለስ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ተፈጥሯዊ ነው፤ በአንድ ቁጥር ስፍራ ሊሚቱ ቋሚ እስካልሆነ ድረስ ችግር የለም። በሁለት ቁጥሮች ግን እንግዳ ነገር ይገጥማል። (ሀ፣ ለ)ን ወደ (ለ/2፣ ሀ/2 + ለ²) የሚወስደው ለውጥ አውቶሞርፊዝም ነው። ዜሮ ነጥቡ ባለበት ይቀራል፣ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። (3/8፣ 3/4) ደግሞ እንዲሁ ባለበት የሚቀር ሌላ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ወደ ዜሮ የሚሳበው ክልል ጠቅላላው ስፍራ አይደለም። አሁን ለውጡን ሁለት ጊዜ እየሠሩ በ4 ማባዛት ይቀጥል። የተራው አባላት በሙሉ ጠቅላላውን ስፍራ ወደ ራሱ የሚያዛውሩ ናቸው። ሊሚቱ ግን የሚኖረው በሚሳበው ክልል ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ክልሉን ያለ ግጭት፣ ያለ እጥፋት በጠቅላላው ስፍራ ላይ ይዘረጋዋል። ክፍሉ የሙሉው ትክክለኛ ቅጂ ሆነ። ፒየር ፋቱ በ1922፣ ሉድቪግ ቢበርባህ በ1933 የደረሱባቸው እነዚህ ክልሎች እስካሁን በስማቸው ይጠራሉ። በመንገድ ላይ ያሉት ሁሉ የያዙትን ጠባይ መድረሻው ላይይዝ ይችላል፤ ያጣውም በመጉደል ሳይሆን በክልሉ ጠርዝ በኩል ሳይታይ በመሸሽ ነው።

ሦስተኛው ቅርበት ጥብቅ ነው። ዲግሪው ከአንድ ጣሪያ እንዳያልፍ ይታዘዛል፤ የሚለዋወጡት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው። ውስብስብነትን በመጨመር መጠጋት ስለተከለከለ፣ እዚህ የተገራውን ካልተገራው የሚለየው ግንብ ይቆማል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። ኤሪክ ኤዶና ፒየር ማሪ ፖሎኒ በ2015 አካባቢ በሦስት ቁጥሮች ስፍራ ይህ እንደማይሆን በግልጽ ምሳሌ አሳዩ፦ አንድ ቋሚ ወደ ዜሮ ሲሄድ የተገሩ ለውጦች ቤተሰብ ወደ አንድ ያልተገራ ይደርሳል። ሁለቱን የሚለይ እኩልታ፣ ማለትም የተገሩት ሁሉ የሚያሟሉትና ሌላው የማያሟላው ሕግ፣ በቁጥሮቹ ላይ አይጻፍም ማለት ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ከእነዚህ መለኪያዎች በማንኛቸውም አይለካም። የሚገኘው ለውጡ እንዴት እንደተሠራ፣ ከየትኛው እርምጃ በኋላ የትኛው እንደመጣ በመመርመር ብቻ ነው፤ ሼስታኮቭና ኡሚርባዬቭም ያደረጉት ያንኑ ነው። ቅርበት ስለ መልክ ይናገራል፤ መገራት ግን የታሪክ ጉዳይ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ከመልክ ሁልጊዜ አይነበብም።

ታሪኩም ቢሆን ስፍራው ሲሰፋ ይለወጣል። ማርታ ስሚዝ በ1989 እንዳሳዩት፣ ለናጋታ ለውጥ አራተኛ ቁጥር ሲጨመርለት የተገራ ይሆናል። አካሄዱ አጭር ነው። በአራተኛው ቁጥር ላይ ተ ይደመራል። ከዚያ የናጋታ ለውጥ በተ የሚያንቀሳቅሳቸውን ሀን እና ለን በአራተኛው ቁጥር መጠን ማንቀሳቀስ ይከተላል። ተ በዚህ ሁሉ ያው ስለሆነ ከአራተኛው ላይ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም በቀሪው መጠን የኋሊት ይኬዳል። አራተኛው ቁጥር በነበረበት ይመለሳል፣ ሦስቱ ላይ ግን የናጋታ ለውጥ ተሠርቶ ይገኛል፤ እያንዳንዱ እርምጃም የተገራ ነው። በሦስቱ መካከል ሊገራ ያልቻለው የተገራው ምንም በማይሆን አራተኛ ቁጥር ምስክርነት ነው። በአራት ቁጥሮች ስፍራ የራሱ ያልተገራ አውቶሞርፊዝም መኖር አለመኖሩ ክፍት ጥያቄ ነው።